ሰው የማይሞትበት ልብ ወለድ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያተረፍኩት ቁጣ ነው። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ጋሽ አስራት ልብ ወለድ የሚያከራዩባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። አንዲት መምህርት መጽሐፍ አንስታ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ሳላነበው በጣም ቆንጆ ነው አልኳት። ጋሽ አስራት እስክትሄድ ጠበቁና፣ ያላነበበ ሰው እዚህ ባንኮኒ ላይ አፉን እንደማይከፍት ነገሩኝ። የተቆጡት በወላይትኛ ነው። አማርኛቸውን ለደንበኛ ነበር የሚያስቀምጡት።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ መጀመሪያ እኛ እናነበዋለን። ከዚያ ከጀርባው ሽፋን ውስጥ በእርሳስ ከአሥር ነጥብ እንሰጠዋለን። የማተሚያ ቤት ኮላ የተከራይ እጅ ስለማይችል በወስፌ በስተን በሲባጎ እንሰፋዋለን፤ ሽፋኑን በላስቲክ እንለብጣለን። ወፍራም ከሆነ ደግሞ በምላጭ ለሁለት ከፍለን ለየብቻ እንጠርዘዋለን፤ አንዱ ደንበኛ ሁለተኛውን ክፍል ሲያነብ ሌላው የመጀመሪያውን ይወስዳል። መታወቂያ ማስያዝ ግዴታ ነው።

ከጠበላና ከቦምቤ የሚመጡ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ ሐኪሞች ደንበኞቻችን ነበሩ። ጋሽ አስራት ሲያርፉ ሱቋ ለእኔ ቀረች። ዛሬ ወጣቱ ስልኩ ላይ ነው፤ አቧራውን የምጠርገው ከማከራየው ይበልጣል። ያም ሆኖ ሳላነብ የማከራየው የለም።

ሲስተር ሰናይት የወልዲያ ልጅ ናት፤ እዚህ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ሆና ተመድባ መጣች። አንድ ቀን መጽሐፍ ግማሹ ላይ አቁማ መለሰችልኝ። ምን እንዳስጠላት ብጠይቃት ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳ የጭነት መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አለ የሚልም ሞተ የሚልም አልተገኘም። እናታቸው መርዶ ካልተነገረኝ እንባ አላወጣም ብለዋል፤ እሷም ከእናቷ ቀድማ ልታለቅስ አልቻለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ "ጋሼ፣ ሰው የማይሞትበት አለ?"

እኔም ሰሞኑን የገቡትን በዚህ ሚዛን ማንበብ ያዝኩ።

አንዱ የአዲስ አበባ ፖሊስ ታሪክ ነው። ይሮጣል፣ አያስቀምጥም፤ ግን ሬሳው የሚገኘው ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ሰባት ሰጠሁት፤ ለእሷ አይሆንም። ሌላው የጥንት ቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ቋንቋው ያጠግባል፤ ሆኖም ንጉሡም አሽከሩም በአንድ አፍ ነው የሚናገሩት፣ ሰውም በየገጹ ይታረዳል። ስድስት። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመው ደግሞ ጠጠሩ እንዳልተለቀመ ምስር ነው። ጥርሴን ይዤ ጨረስኩት፤ አራት። የፍቅር ታሪኩ ላይ ሰው አይሞትም። ችግሩ ሰውም የለበትም። ሦስት ሰጥቼ ለሲስተር አከራየኋት፤ በማግስቱ መልሳ እንቅልፍ እንኳ አላመጣልኝም አለች።

የመጨረሻው ቀጭን መጽሐፍ ነው፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ወጣት የጻፈው። ለቀን ሥራ ወጥቶ የቀረ ወንድሟን ከከተማ ከተማ የምትፈልግ ሴት ታሪክ ነው። አይጮኽም፣ አያባብልም። ሳነበው ምሳዬን ረሳሁ። ዘጠኝ ሰጠሁት፤ እንዲህ ዓይነት ነጥብ ብዙም አልሰጥም። ግን መጨረሻው ምዕራፍ ላይ መርዶው ይመጣል።

ለሲስተር የሚገባት ይሄ መጽሐፍ ነው ብዬ አመንኩ፤ ሐዘኗን እንዲጨምርባት ደግሞ አልፈለግሁም። ስለዚህ ምላጭ አንስቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ አወጣሁት። ሴትዮዋ አውቶቡስ ተሳፍራ በመስኮት ስታይ ታሪኩ ያልቃል፤ ተስፋ ያለው መጽሐፍ ሆነ። ስሰጣት ጥቂት ገጾች ተገንጥለው እንደጠፉ፣ ፍጻሜው ግን ደህና እንደሆነ ነገርኳት። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጣች። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ከፍታ የጎደለበትን ቦታ በጣቷ ዳበሰችው።

"ጋሼ፣ እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የምሠራው። የተቀደደና የተቆረጠ እለያለሁ።"

ዓይኔ ገጾቹን ወደከተትኩበት መሳቢያ ሄደ።

"ሞተ አይደል?"

"ሞተ" አልኳት።

ገጾቹን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። ይቅርብሽ ብዬ ለመንኳት። ሰው የማይሞትበት ይፈልጉልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አልኳት። አልተቆጣችም።

"የወንድሜን መጨረሻ የሚነግረኝ የለም። የዚህን እንኳ ሙሉውን ይስጡኝ።"

ሰጠኋት። ቆማ ማንበብ ጀመረች። ጎረቤቶች በማለዳ ተሰብስበው በር የሚያንኳኩበት ቦታ ላይ ስትደርስ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ የወንድሟን ስም እየጠራች አለቀሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። አላፊ አግዳሚው እንዳያያት በሩን ገርበብ አደረግሁት፤ እኔም አልቻልኩም፣ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

ድምፁን ሰምታ ከአጠገቤ ጎዳሬ የምትሸጠው አስቴር ገባች። ማን እንደሞተባት በወላይትኛ ጠየቀችኝ። የልብ ወለድ ሰው ነው እንዴት እላለሁ።

"ወንድሟ" አልኩ።

አስቴር ሌላ አልጠየቀችም። ሸቀጧን እንደተዘረጋ ትታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ አብራት አለቀሰች።

ከወልዲያ እስከ ዛሬ የመጣ ወሬ የለም። ምዕራፉን በቦታው መልሼ ሰፍቼዋለሁ። መጽሐፍ አከራይ ነጥብ መስጠት ይችላል፤ ሲያከራይ ግን ሙሉውን ነው የሚያከራየው።