ዘጠና አንድ ላይ የቆመው ውሃ

ሃያ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እርግጠኛ ነህ?» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ኖሮ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ጋሽ አህመዲን ያን ሁሉ ከሰል በከንቱ ባላቃጠሉ ነበር። ጥፋቱ ከፊሉ የተማሪዎቼ ነው ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ባለቤቴ ሙሉሐረግ ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች።

ነገሩ የሚነሳው ከቡና ተራ ነው። መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን አራት ቤቶች ቡና በተራ እናፈላለን። ዛሬ ሀዲያ ቤት ከሆነ ነገ እትዬ በዛች ቤት፣ ከነገ ወዲያ እነ ጋሽ አህመዲን ቤት፣ ከዚያ እኛ ቤት። ማንም የትም አልጻፈውም። ጠጥተን ስንነሳ አንዱ «ነገ እነ እገሌ ቤት» ይላል፣ በቃ። የጋሽ አህመዲን ባለቤት የእትዬ ዘይነባ ተራ ሲደርስ ግን የሚቀር ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ርእሰ መምህሩን ሆዴን አሞኛል ብዬ ከስብሰባ የወጣሁበት ቀን አለ፣ አላህም እግዜርም ይቅር ይበሉኝ።

እትዬ ዘይነባ አምና ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሞቱ። ሐዘኑ አልፎ ተራው ሲቀጥል፣ እትዬ በዛች ቤት ጠጥተን ስንነሳ ሀዲያ «ነገ እነ ቲቸር ቤት» አለች። የጋሽ አህመዲንን ቤት ዘለለችው። ከጅዳ ከተመለሰች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ልቧ ደግ ነው፤ ሰውየውን ላለማስቸገር ያለችው ነበር። ሁላችንም ደግ የሠራን መስሎን ዝም አልን። በየዙሩ ስንዘላቸው ሦስት ወር ቆየን። ከዕለታት አንድ ቀን ጋሽ አህመዲን ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ተራ የሌለው ሰው እንግዳ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ሰፈሬ እንግዳ መሆን አልችልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሩ። ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ሙሉሐረግ እርስዎ ቤት መጥቼ ላፍላልዎ አለች፤ ተራ በውሰት አይሆንም አሏት። እትዬ በዛች እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት ያግቡ አሏቸው። ለቡና ብዬ ሴት አላገባም ቢሉ፣ እትዬ በዛች «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብለው ተረቱባቸው። ጋሽ አህመዲን አልሳቁም። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ብቻውን ሲሰማ፣ እኛ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ ስንጠጣ፣ ቡናው አልዋጥ ይለኝ ነበር።

ልጃቸው ፊርደውስ ዶሃ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ቡና ማቆማቸውን በኢሞ ሰምታ ወደ አገር በሚገባ ሰው ካርቶን ላከች። ካርቶኑ ሲፈታ ነበርኩ። ከላይ ሰፊ፣ ቂጡ የተበሳ ነጭ ስኒ ወጣ። በእጅ የሚዞር መፍጫ ወጣ። የወርቅ ነጋዴ የሚይዘው የመሰለ ትንሽ ሚዛን፣ አንገቱ የቀጠነ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ እስር ወረቀት፣ በመጨረሻም ቴርሞሜትር። እትዬ በዛች ቴርሞሜትሩን ገልበጥ አድርገው አዩና ቡናው ትኩሳት አለበት ወይ ብለው ጠየቁ። በቀዳዳ ስኒ እንዴት ይጠጣል የሚለውንም አከሉ።

ፊርደውስ በስልክ እያሳየች አስተማረቻቸው። ወረቀቱ ቀዳዳው ስኒ ውስጥ ይገባል፣ የተፈጨው ቡና እሱ ላይ ይሆናል፣ ሙቅ ውሃ ሲንቆረቆርበት ቡናው ተጣርቶ ከሥር ይወርዳል። ጋሽ አህመዲን ሁሉንም የደንበኞቻቸው ልክ በሚጻፍበት ደብተር ላይ አሰፈሩት። በአንዱ ገጽ የሰው ትከሻ፣ ደረትና ወገብ፣ በሚቀጥለው ገጽ ቡና አሥራ ስምንት፣ ውሃ ሦስት መቶ፣ ሙቀት ዘጠና አራት። ልጅቷ መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ከዘጠና አራት ከወረደ ቡናው ጥሬ ነው» ብላቸዋለች። ይቺን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመሩባት። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ግማሽ ጣት የሳተ ኮት ኮት አይደለም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

እኔም እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሰውየው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተለወጡ። ቡናውን በሰዓት እያዩ ይቆላሉ። ፍሬውን እየቆጠሩ ይመዝናሉ። አንድ ቀን አልመው ይፈጫሉ፣ አንድ ቀን አሻክረው፤ ልዩነቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ። ወረቀቱ ሲያልቅ አቡጀዲ ቀደው፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀምቅመው፣ እንደ ቆብ ሾጠጥ ያለ ማጥለያ ሰፉ። ሱሪ ያሰፋ ሰው ሱሪው ሳይደርስለት ስለ ቡና ተነግሮት ይመለሳል። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ተቀምጦ ይውላል ብለው ያሟቸውም ነበሩ። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘጠና አራት የገባ ቡና አፍልተው ተራቸውን ማስመለስ።

ውሃው ግን ዘጠና አንድ ላይ ይቆማል።

ይንተከተካል፣ ክዳኑን ያንዘፈዝፋል፣ ይገነፍላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ዘጠና አንድ። ከሰል ቢጨምሩ ዘጠና አንድ። ቢያራግቡ፣ ቢከድኑ፣ ዘጠና አንድ። የሚያፈሉትን ሁሉ ቀምሰው ለብቻቸው ፊታቸውን ያጨማድዱና ይደፉታል። እኔ እንኳ ልቅመስ ብል ጥሬ ነገር ለሰው አይሰጥም ብለው ከለከሉኝ።

ፊርደውስን ቢጠይቋት ይባስ ግራ አጋባቻቸው። እኛ ጋ ሲፈላ መቶ ነው፣ እስኪበርድ ጠብቀን ነው የምናፈስሰው አለቻቸው። እዚያ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፣ እዚህ አልሞቅ ብሏል። ጋሽ አህመዲን ስልኩን ዘጉ። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ያን ቀን የሠራሁት ይህንኑ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደቆምኩ ሁሉ፣ ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ነው አልኳቸው። ይሄ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዕቃው ተበላሽቷል። ጋሽ አህመዲን አመኑኝ፤ መምህር ነኛ። ከደሴ ሌላ ቴርሞሜትር አስመጡ። እሱም ዘጠና አንድ አለ። እንግዲያስ ከሰሉ ነው አልኩ። ከሰል ለወጡ። ውሃው ጨው ይኖርበታል አልኩ። የቧንቧውን ትተው የምንጭ አስቀዱ። እኔ አንድ ባልኩ ቁጥር እሳቸው ይለፋሉ፣ ውሃው ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

በዚህ መሀል ሃሩን የሚባለው የእህታቸው ልጅ ወለደ። ሃሩን የሚኖረው ከወግዲ ወርዶ አባይ አፋፍ ቆላው ውስጥ ነው። ጋሽ አህመዲን ሊጠይቁት ሲሄዱ ማንቆርቆሪያውንና ቴርሞሜትሩን በፎጣ ጠቅልለው ይዘው ወረዱ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ ላይ አንድ ጆንያ ከሰል ጭነው ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል። ገና ሳይወርዱ በመስኮት ጠሩኝ።

«ዘጠና አምስት ገባ ቲቸር! ወላሂ በዓይኔ አየሁት። የግራር ከሰል ነው ምስጢሩ።»

እኔም ደስ አለኝ። ጆንያውን አብሬ ተሸከምኩ፣ ምድጃውን አብሬ አቀጣጠልኩ። የግራሩ ከሰል ፍም እስኪሆን ጠብቀን ጣድን። ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና፣ ዘጠና አንድ። ቆመ። ጠበቅን። አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ አህመዲን ሜትራቸውን ካንገታቸው አውርደው ይጠቀልሉት ጀመር። ቀና ሳይሉ ለኔ ሳይሆን ለምድጃው የሚመስል ነገር ተናገሩ።

«እኔን ነው እንግዲህ የጠላኝ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቆላ ላይ ዘጠና አምስት፣ ዶሃ መቶ፣ እዚህ ዘጠና አንድ። ያው ውሃ፣ ያው እሳት። ሃያ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ከግድግዳው ማዶ እየተንተከተከ ውሸታም ሲለኝ ምን ልበል? በማግሥቱ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማሪዎቹን መጽሐፍ ገለጥኩ። እኔ የማስተምረው ጀማሪ ሳለሁ ከጻፍኳት ማስታወሻ ነው፣ መጽሐፉን ካየሁት ቆይቷል። ገጹ እንዲህ ይላል፤ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በመቶ ዲግሪ ይፈላል። በባሕር ጠለል ላይ። ስገለብጥ የዘለልኳት ሐረግ ያቺ ናት። ከሥሯ ደግሞ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ በአንድ አንቀጽ ተብራርቷል። የደጋ ልጆችን በደጋ ላይ ቆሜ የባሕር ዳርቻ ሳይንስ ሳስተምር ኖሬያለሁ። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ስወጣ ጆሮዬ ድረስ ይግል ነበር።

ጋሽ አህመዲን እንደ ወትሮው ምድጃው ሥር ነበሩ፣ ውሃው እየፈላ። ቆሜ ነገርኳቸው። ዕቃው አልተበላሸም፣ ከሰሉም ውሃውም ደህና ነው፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከተማችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ እዚህ ያለውን ጫካ ሁሉ ብናነድ ውሃው ከዚህ አያልፍም። ስድብ ስጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ተራራው ከተፈጠረ ጀምሮ።»

«እንግዲያ የዘይነባም ቡና ዘጠና አንድ ነበራ።»

«ዘጠና አንድ ነበር።»

ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል። ጋሽ አህመዲን እጃቸውን ወደ እንፋሎቱ ዘርግተው መለሱት፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ጥሬ ነው እያልኩ ደፋሁት። አራት ወር ሙሉ የሷን ውሃ ደፋሁት።»

አፈርኩም፣ አዘንኩም። ቆይተው ደብተራቸውን አወረዱ፣ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ መዘዙና ዘጠና አራት የሚለውን ሰረዙት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ በለባሹ ልክ ስሰፋ ኖሬ የዶሃን ልክ ለመካነ ሰላም ላልብስ አልኩ አይደል አሉ፣ እንደ መሳቅ ብለው። ዘጠና አንድ ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀዱልኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አቀመሱኝ።

በማግሥቱ እትዬ በዛች ቤት ስንጠጣ ጋሽ አህመዲን በሩ ላይ ቆሙ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሦስቱንም ጠጡ። ስንነሳ ሀዲያ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደሟት፤ ነገ እኔ ቤት አሉ። እትዬ በዛች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

የዚያ ቀን ቡና ግራ የተጋባ ነበር። ማጥለያው በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ስኒ ነው፣ ለአንዱ ስኒ ደግሞ አራት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሙሉሐረግ አቦሏን ስትጠብቅ እትዬ በዛች ቶና ላይ ደርሰዋል። ሀዲያ በረካዬን ጠጣሁ አልጠጣሁም ብላ ከራሷ ጋር ተጣላች። ቡናው ራሱ ሻይ ይመስላል፣ ስስ ነው፣ የስኒው ቂጥ ይታያል። የእትዬ ዘይነባን አይመስልም፤ ይመስላል ብዬ አልዋሽም። ሆኖም የሆነ ነገሩ፣ እንጃ፣ ከዋጡት በኋላ ቆይቶ የሚመጣ ነገር ነበረው። ጋሽ አህመዲን ላባቸውን በሜትራቸው ጫፍ እየጠረጉ እትዬ በዛችን ያያሉ። እትዬ በዛች ስኒያቸውን አገላብጠው አዩና ዘረጉ።

«ምን እንደጠጣሁ እንጃልኝ። ይድገሙኝ።»

ሲመሽ ተነሳን። ሀዲያ ሻርፗን እያስተካከለች በሩ ጋ ቆመችና እንደ ዱሮው በጣቷ ቆጠረች፤ ነገ እነ ቲቸር ቤት፣ ከነገ ወዲያ እኔ ቤት፣ ቀጥሎ እትዬ በዛች ቤት። አራተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ ዞራ አየቻቸው።

«ከዚያ እነ ጋሽ አህመዲን ቤት» አለች።

ጋሽ አህመዲን ደብተራቸውን ገልጠው፣ ከአንድ ደንበኛ የወገብ ልክ ሥር የተራቸውን ቀን ጻፉት።