ሶፍ ዑመር ደርሶ የተመለሰው ሙክት

ባለፈው ሳምንት አዳማ መናኸሪያ በር ላይ አንድ አውቶቡስ መንገድ ዘግቶ አቆመን። ከኋላዬ ያሉት ባለመኪኖች ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ። እኔ ሞተር አጥፍቼ ቀና ስል፣ ጣሪያው ላይ ከፍራሽና ከሻንጣ መሀል አንድ በግ አንገቱን አስግጎ ከተማውን ያያል። ተሳፋሪዎቹ ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘዋል፤ ወደ ባሌ ቅዱሳን ቦታዎች ለዚያራ የሚሄዱ ናቸው። ብቻዬን ሳቅሁ። ስልሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ በግ ሳይ ግን አሥራ ስምንት ዓመቴ ተመልሶ ይመጣብኛል።

እናቴ ከወሎ መጥታ አዳማ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትነግድ ሴት ነበረች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ እንድቆጥር ግን ያልሆነችው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ፣ ልጄ ማትሪክ ትለፍልኝ እንጂ ባሌ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ ድረስ ሙክት ይዤ እሄዳለሁ ብላ ተሳለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ውጤት መጣ። ወደቅሁ። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰላሰልኩ ቤት ደረስኩ፤ በር ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ጊዜ ከአፌ የወጣው "አልፌያለሁ" የሚል ሆነ። በማግስቱ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ተነሳሁ። ምን ዋጋ አለው፣ እሷ እልልታዋን አቅልጣ ሰፈሩን አዳርሳዋለች። በሳምንቱ ሙክቱ መጣ፣ ጎረቤቱም መርቆ ሸኘን።

ስለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዋሻው በር ላይ ባለስለት ሁሉ ምን ለምኖ ምን እንዳገኘ በሰው ፊት ይናገራል፣ ሰውም አሚን ይላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እናቴ እዚያ ቆማ በእኔ ውሸት ፈጣሪዋን ልታመሰግን ነው። በሕይወቷ አንድ ግራም ቅመም አጉድላ በማታውቅ ሴት ላይ ይህን ማድረግ ግፍ ነበር፣ እኔም አውቄዋለሁ።

አውቶቡሱ በሞጆ ታጥፎ የሐይቆቹን መንገድ ያዘ። ዓለም ጤና ላይ የሽንኩርት ጆንያ ከመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድሯል፤ መስኮቱ ሲከፈት ሽታው አብሮን ይሳፈራል። ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ዓሣ ጥብስ በላን። በላን ስል እነሱ በሉ፤ እኔ አልወርድልኝ አለ። እናቴ ጎኗ ለተቀመጡት የአርሲ እናት፣ "የዩኒቨርሲቲው ሐሳብ ይዟት ነው" ትላቸዋለች። ሙክቱ ከላይ በጮኸ ቁጥር እኔ ከታች እሸማቀቃለሁ። አንተ ደግሞ ዝም በል፣ እለዋለሁ በሆዴ።

ሮቤ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈን አደርን። በማግስቱ ጎሮን አልፈን ወደ በረሃው ስንወርድ ጋቢው ሁሉ ተወልቆ ጭን ላይ ወጣ። ቀይ አቧራ፣ እሾህ የለበሰ ግራር፣ ከሰው የሚበልጥ ኩይሳ፣ አልፎ አልፎ ግመል፤ ሌላ ነገር የለም። ሰው ሁሉ መንዙማ ያወርዳል። ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል፤ ከሙቀቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ድንገት ወንዙ መጣ። በዚያ ሁሉ ድርቀት መሀል ወይብ ወንዝ እየተገማሸረ ይመጣና ተራራው ሥር ይገባል። የዋሻው አፍ ውስጥ ድንጋዩ አምድ አምድ ሆኖ ቆሟል፤ ሰው የጠረበው እንጂ ውሃ የሠራው አይመስልም። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ባለስለቶች ተሰለፉ፣ መሪያችን ሼህ ያሲን አንድ በአንድ ይቀበሉ ጀመር። እናቴ የሙክቱን ገመድ ይዛ ሦስተኛ ቆመች። ከፊቷ ሁለት ሰው ቀርቷል። ነጠላዋን ያዝ አደረግሁ።

"እማ፣ አላለፍኩም። ወድቄያለሁ። ዋሽቼሽ ነው።"

አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ዞር ብላ አየችኝና መልሳ ወደ ፊት ዞረች። ምነው በመታችኝ አልኩ። ከሰልፉ የምትወጣ መስሎኝ ነበር፤ አልወጣችም። ተራዋ ሲደርስ ከአዳማ አብሮን በመጣው ሰው ሁሉ ፊት ተናገረች።

"ሼሃችን፣ የእኔ ስለት አልደረሰም። ልጄ ወድቃለች።"

ሽማግሌው፣ "ያልደረሰ ስለት አይገባም፤ በጉን መልሺው። ዱዓው ግን አይቀርም" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሰዉ ሁሉ አሚን አለ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሙክቱ ተመልሶ ጣሪያ ላይ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፣ ሰው ሁሉ ስለቱን አግብቶ ቀሎት ሲመለስ ከላያችን የሚጮኸው የእኛ ብቻ ነው። የአርሲዋ እናት "አብሽሪ" እያሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። እናቴ ግን ያን ሁሉ መንገድ ትንፍሽ አላለችም። አርሲ ነገሌ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዳ ወደ እህል ገበያው ገባች። ቆየች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔም ጥላኝ መሄዷ ነው ብዬ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ኋላ ሙሉ ጆንያ ገብስ አሸክማ መጣች። ሴትዮዋ ይህ ሁሉ ገብስ ለምንድን ነው ቢሏት፣ እኔን ሳታይ መለሰች።

"ለበጉ ነው። እስከ ከርሞ ምን ይብላ?"

ከነገሌ እስከ ሞጆ አለቀስኩ። አዳማ ስንደርስ ሙክቱ በሰፈሩ መሀል እየተጎተተ ገባ፤ የጠየቃት ሰው ሁሉ "ከርሞ እንሄዳለን" የሚል መልስ አገኘ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ገብስ እያበላሁት፣ ቀሪውን ቀን ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ከረምኩ። አለፍኩ። ሙክቱን ጣሪያ ላይ ለማውጣት ሦስት ወንድ አስፈለገ።

እናቴ ካረፈች ቆየች፣ አላህ ይዘንላት። እኔ ሃያ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ልጄ ወደቀ፣ በዚያ ላይ ዋሸኝ፣ ምን ልበለው የሚል ወላጅ ከቢሮዬ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ይቅር በሉት ብዬ አልመከርኩም። የመጪውን ዓመት ደብተር ዛሬውኑ ግዙለት እላቸዋለሁ፤ የተቀየመኝም አለ። እናቴ ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል እስክትሞት ድረስ ከአፏ አልወጣም። እኔም አንድ ቀን ጎደለኝ ብዬ አላውቅም።