ወንድሜ የጀመራት መርከብ

ክረምት ሲገባ የቤቴ በር ውሃ ይጠጣና አልዘጋም ይላል። በትከሻዬ ስገፋው ይንቋቋል፤ ያ የራሰ ጣውላ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ደግሞ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ይዞኝ ይሄዳል። ያኔ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ገና ተማሪ ነበርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ምጽዋ መርከበኛ ነበር። በነጭ ልብሱ ለእረፍት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች እስከ በራችን ይከተሉት ነበር። የመጨረሻ ጊዜ የመጣው ግን በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው። ሳምባው ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ለእናቴ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፤ ከሆስፒታል ስትመለስ ግን ደጃፍ ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ስትጠራርግ አየኋት።

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «እቱ፣ ስስ ጣውላ ፈልጊልኝ፤ መርከብ እሠራለሁ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለእማዬ። ባሕር አይታ አታውቅም፤ መርከቧን እንኳ ትይ።»

ከውጭ የሚመጣውን የሻይ ሳጥን ከሚያፈርሰው ጎረቤታችን ጣውላ ለመንኩ። ምን አለሽ ተራ ወርጄ ደቃቅ ምስማር አመጣሁ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቢላውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ እሱ በዓይኑ ይሠራል። አከርካሪዋን አቆምን፣ ጎድኖቿን ደረደርን፣ ከዚያ አንዱን ጎኗን ብቻ ሙሉ በሙሉ ጣውላ አለበስነው። ወንድሜ መርከበኛ እንጂ መርከብ ሠሪ አልነበረም። ሙጫው ሲደርቅ መርከቢቱ እንደ ሙዝ ተቆለመመች።

አፍርሰን እንደገና ጀመርን። አሁን አከርካሪዋን ቀጥ ያለ ወፍራም ሳንቃ ላይ ቸነከርናት። አንድ ጣውላ ከግራ ስናለብሳት ወዲያው አቻውን ከቀኝ እናስከትላለን። «አንዱ ጎን ብቻውን ከጎተታት አለቀላት» ይለኛል እያሳለ። ቀፎዋ ሲያልቅ ከሳንቃው አላቀቅናት፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ አያት። ቀጥ ብላለች። በማግስቱ ግን ተጣማ አገኘናት። አቃናናት። ደግማ ተጣመመች።

«ምን በደልኳት?» አለ ወንድሜ፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ። «እኔ ጊዜ የለኝም እኮ እቱ!» ሳሉ ተነሣበት፤ እናቴ ጀርባውን ደግፋ፣ ጨርቅ አፉ ላይ ያዘችለት። ጨርቁን ስታጥፈው ቀዩን አየሁት።

ራጉኤል ደጅ ቆሜ የተሳልኩት ስለ ሳምባው አልነበረም፤ ስለ መርከቧ ነበር። እንጃ፣ እሷ ቀጥ ካለች እሱም የሚድን መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ስመለስ ወንድሜ እንቅልፍ ወስዶታል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ መርከቧን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንዱን ጎኗን በራሰ ጨርቅ ታሻታለች።

«እማዬ!»

«ዝም በይ!» አለችኝ በሹክሹክታ። ዓይኗ እንደ ልጅ ዓይን ፈርቶ ነበር። «ካለቀች ይሄድብኛል። ሥራው እስካላለቀ ድረስ አይሄድም።»

እኔ እንድትቃና ስለት እሳላለሁ፣ እሷ እንዳትቃና ታረጥባለች።

ወንድሜ ሲነቃ መርከቧን አቀብዪኝ አለ። ጎኗን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ። «ማነው ውሃ ያስነካት?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ብሎ በሩ ሥር ምስር ወደምትለቅመው እናታችን አየ። ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ እጇ ግን መልቀሙን ትቷል። ከውጭ የተሸካሚዎች ጩኸት ይሰማል። የሚቆጣ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ» አላት በቀስታ። «ላንቺ እኮ ናት። የኔ እጅ አቅም የለውም። ያዢልኝ።»

መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እርጥበት ያላላቸውን ጣውላዎች አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እያልኩ ሙጫ ቀባኋቸው። እናቴ ሁለቱን ጎኖች በመዳፎቿ መሀል ያዘች። ወንድሜ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወደ ግራ... ትንሽ... በቃ! እንዲህ ያዢያት። ቀጥ ብላለች።»

እናቴ እንባዋ ጣውላው ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አለቀሰች።

ወንድሜ ምሰሶዋን ሳያቆምላት በዚያው ሳምንት አረፈ። መርከቧን ያቃናን ቀን ግን ሳል ሳያቋርጠው፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ተኛ። ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሙጫውን በጥፍሬ ነካሁት።

«እማዬ፣ ደርቋል እኮ፤ ልቀቂያት» አልኳት።

«ቆይ ልጄ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል። «ትንሽ ልያዛት።»