ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት የሆኪ መንገዶች

ዌስሊ ኬቱላ የበረዶ መንሸራተቻውን ጫማ ገልብጦ በስለት መሳያው ማሽን ማሰሪያ ላይ ጠፍንጎ ያጠብቀዋል። የሚሽከረከረውን ድንጋይ ያስነሳና ብረቱን ከተረከዝ እስከ ጣት በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል፤ ሳይጫን፣ ሳይቆም። ከዚያ ትንሽ የእጅ ድንጋይ በግራና በቀኙ አሳልፎ ሻካራውን ያነሳል። ሳንቲም ስለቱ ላይ አጋድሞ በአንድ ዓይኑ ያያል፤ ሳንቲሙ ካዘመመ ሁለቱ ጠርዞች እኩል አይደሉምና ሥራው እንደገና ነው። በመጨረሻ ጥፍሩን ስለቱ ላይ ይጎትታል። ነጭ ብናኝ ከተወ አለቀ።

ያን ቅዳሜ በእጁ የነበረው ጫማ የታናሽ ወንድሙ የኢሮ ነበር። ኢሮ አሜሪካ፣ ሰሜን ሚሺጋን ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ ቡድን ተከላካይ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ። ማታ ከተሸነፉ የተማሪነት ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ የሚፈልገው ክለብ ከሌለ ደግሞ ሆኪም አብሮ ያበቃል። እስከዚያ ቀን የደወለለት አልነበረም።

ዌስሊ የሄደው በሌላው መንገድ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ የወጣቶች ሊግ ገባ። በሰው ቤት እያደረ፣ በአውቶቡስ እየተንከራተተ፣ በዓመት ሰባ ያህል ጨዋታ ተጫወተ። ቶሎ የበሰለ ልጅ እዚያ ቶሎ ይታያል። ያን ጊዜ ግን እዚያ የተጫወተ ልጅ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆኪ መግባት በደንቡ አይፈቀድለትም ነበር። ሃያ አንድ ሲሞላው ዕድሜህ አለፈ ብለው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ሥራው የተጫዋቾችን የመንሸራተቻ ጫማ መሳል ነው።

ኢሮ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሰውነቱ ትንሽ ነው እየተባለ ከየቡድኑ የሚቀነስ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጊዜ ሰጠው። ጨዋታ አርብና ቅዳሜ ብቻ፤ ሌላው ቀን ትምህርት፣ ልምምድና ብረት ማንሳት። ዌስሊ «የቅዳሜ ሠራተኛ» እያለ ሲያበሽቀው እሱ በላ፣ ብረት አነሳ፣ አደገ።

ማታ ዌስሊ ሜዳውን ከሚከልለው መስተዋት ጀርባ ቆመ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሌላው ሁሉ ሲያለከልክ፣ ኢሮ ከፈጣኑ አጥቂ ፊት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ መጣ። አጥቂው ግራ ሲል ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ አገኘው። ግድግዳው ጥግ አጣበቀውና የሚጫወቱባትን ጥቁር የጎማ ዝርግ ከዱላው ሥር ወሰዳት፤ የወደቀ መሃረብ እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ዌስሊ የያዘውን የሥጋ ፓስቲ መጉረስ ረሳ። ይሄን ልጅ ጫማ ማሰር ያስተማረው እሱ ራሱ መሆኑን ማመን አቃተው።

ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ግን የአንድ ክለብ ተጫዋች መልማይ ቆሞ ነበር። ኢሮን ሰኞ መጥተህ ፈርም አለው።

«ማክሰኞ የድልድይ ምህንድስና ፈተና አለብኝ» አለ ኢሮ። «ረቡዕ ልምጣ?»

«አንተ፣ አመመህ እንዴ? እኔ ብሆን በካልሲዬ ነበር የምሮጠው» አለ ዌስሊ።

«አንተማ ሮጠህ ነበር።»

መልማዩ ሳቀና ረቡዕ ይሁን አለ። ዌስሊም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

የቱ መንገድ ይሻላል ብለው ለሚጠይቁት ወላጆች ዌስሊ ልጁን ሳያይ አይመልስላቸውም። ለቸኮለውም ለዘገየውም መንገድ አለ ይላል። እናንተን ወላጆችን የሚለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጃችሁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቢቀነስ እንኳ፣ ገና ያድጋልና ቁመቱን በር መቃኑ ላይ ምልክት እያደረጋችሁ መለካታችሁን አታቁሙ።