ውሻ ሳይኖረን ያረፈብን የውሻ ዝንብ

ዝናቡ አቁሞ ማሽላው ለአጨዳ የደረሰበት ሰሞን ነው፣ ከመተማ ድንበር ወዲያ፣ ከመፋዛ ማዶ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር። አብሮኝ የነበረው አደም ነው፤ የመተማ ሰው፣ ዕድሜውን በግመል ጥበቃና በአደን የጨረሰ። ዓሚ እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። ፍየል የሚፈጅ ነብር ማለዳ ተኩሼ አቆሰልሁና ማሽላው ውስጥ ገባብኝ። በእኛ ወግ ያቆሰለ ይጨርሳል። በማግስቱ ደግሞ አጫጆች እዚያው ማሳ ስለሚገቡ ነገ እንመለስ ማለት አይቻልም።

ከቀትር በኋላ ገባን። አደም ጦሩን ይዞ ከፊት፣ እኔ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃዬን ደግኜ ከኋላ። ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ላዩ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ዱካ አይይዝም፤ የሚመራን የደም ጠብታ ነበር፣ እሱም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ማሽላው ከራስ በላይ ነው። ነፋስ የለም።

አንድ ጠፍጣፋ ዝንብ አንገቴ ላይ አረፈ። ብመታው አልሞተም፤ በጎኑ እየሮጠ ኮሌታዬ ውስጥ ሊገባ ሲል አሽቀንጥሬ ጣልሁት። ጠዋት በግመሎች መሃል አልፈን ስለነበር የግመል ነው ብዬ ዝም አልሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር፤ ብናገር ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን ሌላ ዝንብ አደም ክንድ ላይ አረፈ። እሱ አልመታውም፤ በሁለት ጣቱ ይዞ አየው።

«የግመሉ ትልቅ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ይኼ ትንሽ ነው፣ ጀርባው ላይ ነጠብጣብ አለው። የውሻ ነው። ውሻ ይዘናል እንዴ፣ ያ ዞል?» አለኝ፤ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው።

«አልያዝንም፣ ዓሚ።»

«እንግዲያ የነብሩ ነው። ውሻ ላይ የሚኖረው ነብር ላይም ይኖራል፤ ገላው ሲደክም ለቆት ሌላ ገላ ይፈልጋል። ቅርብ ነው፣ ቁም።»

እሱ ፊት ፊቱን ያያል። የመጀመሪያው ዝንብ ያረፈብኝ ሃያ እርምጃ ወደኋላ እንደሆነ፣ ነብሩንም አልፈነው እንደሚሆን ትዝ ብሎኝ አፌን ስከፍት፣ ማሽላው ከኋላችን ተንኮሻኮሸ። ነብሩ እኔን በጎን አልፎ አደም ላይ ወጣ፤ ቀኝ እጁን ነከሰ። ከሩቅ ብተኩስ እሱን እመታለሁ ብዬ ተጠጋሁና አፈሙዙን ነብሩ ጎድን ላይ አስደግፌ ቃታ ሳብሁ፤ ነብሩ እዚያው ሞተ።

አደምን ወደ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ስንወስደው መኪናው ላይ «ዝንቡ አንተ ላይስ አላረፈም ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» አልሁት።

እናንተ ዝንብ ባረፈባችሁ ቁጥር በጥፊ ትሉታላችሁ። የናቁት ያስረግዛል፤ ያዙና እዩት፣ ያያችሁትንም ለጓደኛችሁ ንገሩ። የአደም ቀኝ እጅ ዛሬም አይጨበጥም። በግራው ነው የሚበላው፤ ለሙስሊም ሰው ነውር ስለሆነ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አፉ በሉኝ» እያለ ይጀምራል። እኔም አብሬው ከአንድ ሳህን እበላለሁ፤ እስካሁን አልነገርሁትም።