የተሸናፊዎች ንፍሮ

ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው፤ የኮፐርሪጅ ኮሌጅ እግር ኳስ ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸነፈው አውቆ ነው። ሲሸነፍ ባለሱቋ በለጥሽ ንፍሮ ይዛ ትመጣለች፤ ካላዘነ ንፍሮ የለም። ስለዚህ አሥራ አንዱ ወጣቶች ዋንጫና ንፍሮ ቢቀርብላቸው ንፍሮውን መርጠዋል ይባላል። ወሬው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በለጥሽ መጀመሪያውኑ ይህን ጣጣ የጀመረችው ተሳስታ ነው፤ ልጆቹ ዳቦ ሊገዙ መጥተው ደጇ ላይ ቢቀመጡ፣ ለቅሶ የደረሱ መስሏት ነው ይላሉ።

ወሬውን ወደ እኛ ወደ ሐበሾቹ ቡና ቤት ያመጣው ለገሠ ነው። ለገሠ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የብርድ ልብስ ነጋዴ፣ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቀው የአንድ የእንግሊዝ ቡድን ደጋፊ ነው። ያ ቡድን ያሸነፈ ሰኞ፣ የማዕዘን ምቱን ራሱ የመታ ይመስል እያነከሰ ይገባል። ቡድኑ የተሸነፈ ሰኞ ደግሞ እግር ኳስ የሚባል ጨዋታ መኖሩንም አያስታውስ።

በእኛ ቡና ቤት ወሬ መጠራጠር ነውር ነው፤ ማኪያቶ ያቀዘቅዛል። ይኸኛውን ግን አለመጠራጠር አይቻልም። አውቆ ለመሸነፍ አስቀድሞ ማሸነፍ መቻል ያስፈልጋላ! ኮፐርሪጅ አምና ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱንም ተጋጣሚዎቹን የያዘው ታክሲ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለቀሩ ነው። ያን ቀን እንኳ ሲያሟሙቁ ሁለቱ እርስ በርስ ተጋጭተው በቃሬዛ ወጥተዋል። አጥቂያቸው ኳስ እግሩ ሥር ስትመጣ ትልቅ ሰው የመጣ ይመስል ዘወር ብሎ መንገድ ይለቅላታል። ግብ ጠባቂው ካቤሎ ከመረቡ ኳስ ለማውጣት ሲያጎነብስ የኖረ በመሆኑ፣ ቆሞም ያጎነበሰ ይመስላል።

ይህን ቡድን የሚደግፍ ሰው በጆሃንስበርግ አንድ ብቻ ነው። እሷም በለጥሽ ናት።

በለጥሽ የዱራሜ ሰው ናት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት የአንድ አልጋ ስፋት ያላት ሱቅ አለቻት። ዳቦ፣ ኤርታይም የሚሉትን የሞባይል ካርድ፣ ካልሲ ትሸጣለች፤ ሩብ ዳቦ ፈልፍላ ሆዱን በድንች ጥብስ የምትሞላውን፣ ኮታ የሚባለውን ምግብም ትሠራለች። ከዚያች ሱቅ የሚጠፋ ነገር ቢኖር ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር የሚኖረው ወንድሟ ብዙነህ ድንገት ታሞ ማረፉን በስልክ ነገሯት። የሱቋን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ከየሰፈሩ፣ ከዳቬይተንም ከካትሌሆንግም፣ ሱቅ ዘግተው ሁለት ታክሲ ቀይረው እስኪደርሱ ብዙ ሰዓት ነበር። ሰው በሞት ጊዜ ብቻውን ከሚቀመጥ ቢታመም ይሻለዋል። በለጥሽ ግን ብቻዋን አልቆየችም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አንድ ጎረምሶች መጡ፤ ደጃፏ ላይ ያሉትን የዳቦ ሳጥኖች ገልብጠው ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተዋል። ልብሳቸው ትቢያ ነው። አንዱም ቃል አይተነፍስም። አንደኛው፣ ረጅሙ፣ ፊቱን በሁለት መዳፉ ይዞ ይንሰቀሰቃል።

ሰባት ለዜሮ ተሸንፈው መምጣታቸው ነበር። የሚያለቅሰው ካቤሎ ነው፤ ሰባተኛውን ግብ በገዛ እጁ ወደ ገዛ መረቡ አስገብቷል።

በለጥሽ ይህን በምን ታውቃለች? እሷ ያየችው ለወንድሟ ከሥጋ ዘመድ በላይ የሚያለቅስ የሰው ልጅ ነው። ተነሥታ ሻይ አፈላችላቸው፤ ዳቦ ቆረሰችላቸው። ሂሳብ አልጠየቀችም። ልጆቹ በዚህ ግራ ተጋብተው የባሰ አንገታቸውን ደፉ። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። አመሻሽ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲደርሱ ፓስተሩ በተራ ጨበጣቸውና በእንግሊዝኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አላቸው። ካቤሎም እንባውን ጠርጎ፣ «አመሰግናለሁ ፓስተር፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንሻሻላለን» አለ።

አልተሻሻሉም። በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ለዜሮ ተሸነፉ። በለጥሽ ይህን ስትሰማ የሚጠበቅባትን አወቀች፤ ለቅሶ የደረሰን ሰው ለቅሶ አለመድረስ በዱራሜም በዱርንፎንቴንም አይቻልም። ከቡና ቤታችን ትልቁን ድስት ተውሳ በቆሎና ቦሎቄ ቀቀለች፤ ድስቱን ተሸክማ ልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ገባች፤ አዳርሳ ስታበቃ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ልጆቹ ንፍሮውን ቀመሱና «ሳምፕ ነው!» አሉ። ሳምፕ እናቶቻቸው ቤት የሚበላው የበቆሎ ንፍሮ ነው ለካ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀረችም። ሜዳ ዳር ቆማ፣ ኳሷ የሜዳውን አጋማሽ በተሻገረች ቁጥር እልል ትላለች፤ ግብ እስኪገባ ብትጠብቅ ጉሮሮዋ ይዘጋ ነበር። የባላጋራ ደጋፊዎች ሲስቁባት፣ «ሳቁ፤ ጥርስ ያለው ይሳቅ» ትላቸዋለች በአማርኛ። እነሱም ምርቃት መስሏቸው ያጨበጭባሉ።

ወሬው እየዞረ የኮሌጁ ስፖርት ኃላፊ ሚስተር ሌካላካላ ጆሮ ሲደርስ ነው ነገሩ የከረረው። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ብቻ ቀርቷል። ኮፐርሪጅ አንድ ነጥብ ካገኘ ሊጉ ውስጥ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ግን ይወርዳል። ኮሌጁ ደግሞ ከወረዳችሁ ቡድኑን አፍርሼ ሜዳውን የመኪና ማቆሚያ አደርገዋለሁ ብሏል። ሚስተር ሌካላካላ የሜዳው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ «ወደ ሜዳ ድስት ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» በዓለም ላይ አንዲትን ሴት ብቻ የሚመለከት ሕግ መቼም ብርቅ ነው።

ዓርብ ዕለት ለገሠ ሱቋ ድረስ ሄደ። እሷ ቦሎቄ እየለቀመች ነበር።

«እትዬ በለጥሽ፣ የነገውን እንኳ ተዪው። ወይም ካሸነፉ አብያቸው፤ ሽልማት ይሁናቸው።»

«ለቅሶ የሚደረሰው ለማን ነው፣ አንተ ለገሠ?»

«ላዘነ ነዋ።»

«እንግዲያ ሲያሸንፉ አንተ ትመጣላቸዋለህ። ላሸነፈ ሰው ሞልቷል።»

«ስላንቺ ብዬ እኮ ነው! አገሩ ሁሉ እየሳቀብሽ ነው። ካቤሎን ራሱን ጠየቅኩት። ያን ቀን ዳቦ ሊገዙ ነው የመጡት። ወንድምሽ መሞቱንም አያውቁም ነበር።»

በለጥሽ ከረጢቱን አንሥታ አንድ ጣሳ ጨመረች፤ አሰበችና ሌላ አንድ ጣሳ ደገመች።

«ድስቱ ይሞላል እንዴ?» አለ ለገሠ።

«ይሞላል» አለችው።

ቅዳሜ በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማት። «ማማ፣ ሰው ይገባል፤ ድስት አይገባም።»

«ድስቱ ካልገባ እኔም አልገባም።»

ዞራ ከካቤሎ ግብ ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር ውጭ፣ የዳቦ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና በካቤሎ ላይ የተቆጠሩትን ሁለት ግቦች ከሜዳው ሰው ሁሉ አጥርታ አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ ነው የገቡት። እረፍት ሲወጡ ሁለት ለዜሮ ነበር። ሚስተር ሌካላካላ ልጆቹን ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል እየጠሩ ይጮኻሉ። ካቤሎ ግን ጓንቱን አውልቆ ወደ አጥሩ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። እጃቸውን በሽቦው ቀዳዳ አሾልከው ዘረጉ።

«ማማ፣ ገና እኮ አልተሸነፍንም» አላት ካቤሎ።

«ፊታችሁን አይቼዋለሁ። ብሉ።»

በጭብጥ በጭብጥ አዳረሰቻቸው። ካቤሎ አንድ ጊዜ ጎረሰና ዓይኑን ሰበረ። «ማማ፣ ለዚያ ሰውዬ የነገርኩት… ያን ቀን እኛ…»

«አፍህ ሙሉ ነው፣ ልጄ። ይፈስብሃል። ብላ።»

ድስቱ ባዶ ሆነ። በሁለተኛው አጋማሽ ምን እንደ ነካቸው የሚያውቅ የለም። አጥቂው ኳሷ ስትመጣለት መንገድ መልቀቁን ረሳ፤ ጉልበቱን መትታ ገባች። በለጥሽ እልልታዋን ስትለቀው በዋናው መንገድ የሚያልፉ ታክሲዎች የተጠሩ መስሏቸው ቆሙ። ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ካቤሎ ግቡን ጥሎ ወጣ፤ ለማዕዘን ምት ሄደ፤ ያ የጎበጠ ወገቡ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለና በግንባሩ ገጫት። ሁለት ለሁለት። አንድ ነጥብ። መኪኖቹ ሌላ ማቆሚያ ይፈልጉ።

ሰኞ ቡና ቤቱ ሲሞላ ወሬው ታድሶ ጠበቀን። ለገሠ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ «አላልኳችሁም? ድስቱ ውጭ ስለቀረ ነው ያልተሸነፉት!» ይላል። ይህን ሲል በለጥሽ የታጠበውን ድስት ልትመልስ ገባች። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ውሸት ነው» አለች። «አውቀው አልተሸነፉም፤ ሲሸነፉ ከልባቸው ነው የሚሸነፉት። ለንፍሮዬ ብለውም አይደለም፤ ንፍሮዬን በልተው ነው አቻ የወጡት። እኔም አልተሳሳትኩም። ዳቦ ሊገዙ አልመጡም።»

«ኧረ እትዬ፣ ካቤሎ በአፉ ነገረኝ እያልኩሽ!»

«ካቤሎ እጁ ላይ የመጣችለትን ኳስ የማይዝ ልጅ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነውን ይይዛል? ያለቀሰው እሱ ነው፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ነው የደረሱኝ።»