ማግኔት የያዘው ዕቃ

ወልቂጤ ለሥራ እንደተመደብኩ ኢንዳክሽን ምድጃ ገዛሁ። ምድጃው ማግኔት የማይዘው ድስት ሲጣድበት ጢጥ ብሎ ይጠፋል። የኔ ድስቶች ደግሞ ሁሉም አሉሚኒየም ናቸው።

አከራዬ እማማ አስካለ፣ እንደ ብዙ የጉራጌ እናቶች፣ ዕቃቸውን ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቅሉት። አንድ ቀን ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ይዤ ገባሁና አስፈቅጄ እያንዳንዱን ሞከርኩ። ሁሉም እምቢ አለ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተሰቀለ፣ አበባ የተሳለበት ባለ አንድ ጆሮ ነጭ ዕቃ ማግኔቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«እማማ፣ ይሄን ያውሱኝ።»

«እሱን?» አሉ ደንገጥ ብለው። «የልጄ የሕፃንነት ዕቃ እኮ ነው። ለትዝታ ነው የሰቀልኩት።»

ገንፎ የበላችበት መሰለኝ። «ከሱ ሌላ የሚሆነኝ የለም» አልኳቸው።

ቤታቸው ገብቶ የጠየቃቸውን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይሆንላቸውም። አወረዱልኝ። «በደንብ እጠበው» አሉ ብቻ።

ሽሮው ግሩም ሆኖ ወጣ። ምስጋናም አይደል፣ በየጊዜው ለእሳቸውም በሳህን እወስድላቸው ጀመር። አንድም ቀን አልቀመሱልኝም። «አሁን በላሁ ልጄ» ይሉኛል።

ለመስቀል ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣች። ለምሳ ልትጠራኝ በሬ ላይ ብቅ ስትል ዓይኗ ምድጃው ላይ በሚንተከተከው ሽሮ ላይ አረፈ። ሰላምታዋን ትታ ወደ ግቢው ዞረች።

«እማዬ! ፖፖዬ እዚህ ምን ይሠራል?»